የኒኬል እናት ድንጋይ

ከሐዋሳ ተነሥቶ በአለታ ወንዶና በሀገረ ሰላም በኩል፣ ቦሬን አልፎ ወደ ክብረ መንግሥት የሚወርድ መንገደኛ በግራም በቀኝም ቀይ አፈር ያያል። በቅርቡ በሐይቁ ዳር ስንጫወት አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጄ፣ «በአዶላ ቀይ አፈር ውስጥ ኒኬል ካለ፣ የኛስ ደጅ አፈር ቀይ አይደለምን? ስለ ምን አይቆፈርም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚያስቅ ቢመስልም የሚናቅ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሰው ነገ በማዕድን ፈቃድ ወረቀት ላይ ይፈርም ይሆናልና።

አፈሩን የሚያቀላው ኒኬሉ ሳይሆን የብረቱ ዝገት ነው። በሙቀትና በብዙ ዝናብ ለረዥም ዘመን ሲታጠብ የኖረ ድንጋይ በመጨረሻ ብረትና አሉሚኒየም የበዛበት አፈር ሆኖ ይቀራል። ፍራንሲስ ቡካናን የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም የህንድ አገር ሰዎች ይህን መሬት እንደ ጡብ እየቆረጡ ሲሠሩበት አየና፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1807 በታተመው መጽሐፉ፣ ጡብ ከሚለው የላቲን ቃል ወስዶ ላተራይት አለው። ይህ ስም እጥበቱን ይነግረናል እንጂ በውስጡ ያለውን ሀብት አይነግረንም። ሀብቱን የሚወስነው እናት ድንጋዩ ነው፤ ዘር ከልጓም ይስባል እንዲሉ።

ሐዋሳ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለ ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ላይ ነው። በዙሪያዋ የሚገኘው ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ አመድ ድንጋይና ባልጩት ስለ ሆነ፣ ኒኬል አይጠበቅበትም። አዶላ ግን ሌላ ነው። በሻኪሶ አካባቢና ከዚያም ወዲያ፣ በሜጋዶና በቀንጢቻ መስመር፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሰርፐንቲናይት የተባለ አረንጓዴ ድንጋይ ኮረብታ ሠርቶ ይታያል። ቱላ፣ ደርሚ ዳማና ኡላ ኡሎ ስማቸው ከኒኬል ጋር ይነሣል። (የሐዋሳ ሰው ቱላ ሲባል የራሱን እንዳያስብ፤ ይህኛው ሌላ ነው።)

እንዲህ ያለው ድንጋይ በጥንቱ ኦሊቪን ከሚባል ማዕድን የተሠራ ስለ ሆነ፣ ከመቶ 0.2 ወይም 0.3 ያህል ኒኬል አለው። ይህ እጅግ ጥቂት ነውና ማንም አይደክምበትም። የዝናብ ውሃ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየርና ከአፈር ይዞ ቀላል አሲድ ይሆንና ሲሰርግ፣ ማግኒዚየሙን አስቀድሞ ሲሊካውንም አስከትሎ ይወስዳል። ብረቱ እንቢ ብሎ ከላይ ይቀራል፤ ጎታይትም ይሆናል። (ስሙ የጀርመኑ ባለቅኔ የጎተ መታሰቢያ ነው፤ ድንጋይ መሰብሰብ ይወድ ነበርና።) ከኒኬሉም ከፊሉ ከጎታይቱ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ከፊሉ ግን ከውሃው ጋር ወርዶ፣ በስብሶ ያላለቀውን ድንጋይ ሲያገኝ ማግኒዚየም በለቀቀው ስፍራ ይገባል። እዚያ ከመቶ 2 ወይም 3 ሊደርስ ይችላል። ጋርኒየራይት የሚባለው አረንጓዴ ነገር በስንጥቆቹ የሚታየውም እዚያው ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1860ዎቹ በኒው ካሌዶንያ ካስተዋለው ከፈረንሳዊው ዡል ጋርኒየ ነው።

ስለዚህ ከላይ ቀዩን ብቻ አፍሶ ወደ ላቦራቶሪ የሚልክ ሰው ራሱን ያታልላል። ጉድጓዱ ቀዩንና ቢጫውን አልፎ እስከ አረንጓዴው፣ ከዚያም ጭራሽ እስካልተነካው ድንጋይ ሊወርድ ይገባዋል።

ያም ሆኖ እጥበቱ በየስፍራው አንድ አይደለም። በወለጋ፣ ፕላቲን በሚታጠብበት በዩብዶ፣ ሲሊካው ጠፍቶ አልሄደም፤ ድንጋዩን ተክቶ ቡናማ ጠንካራ ቆብ ሠርቷል። የጄኔቫው ፕሮፌሰር ሉዊ ዱፓርክና ባልደረቦቹ በ1927 በብርብር ወንዝ ስም ብርብራይት ብለውታል። የኛ ወንዝ ስም በዓለም የድንጋይ መዝገብ መግባቱን ስንቱ ተማሪ ያውቃል?

ወደ አዶላ ልመለስ። ኒኬሉ ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ማዕድን ማውጫ ግን አልተከፈተበትም። በኔ ግምት ነገሩ ከመጠኑ ይልቅ ከማንጠሩ ላይ ነው። ቢጫው ክፍል በ250 ዲግሪ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት በሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል፤ አረንጓዴው ግን ብዙ ኤሌክትሪክ በሚበላ ምድጃ ይቀልጣል። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚቆፍር ለሁለቱም ይከስራል። ዛሬ ከዓለም ኒኬል ከግማሽ በላይ የምታወጣው ኢንዶኔዥያ ከእንዲህ ያለው አፈር ታወጣለች፤ ደኗንም በብዙ ስፍራ ከፍላበታለች። ላተራይት ከላይ ተገፍፎ የሚወሰድ ነውና፣ በጉጂ ኮረብታም ቢቆፈር ቀድሞ የሚነሣው ዛፉና ሣሩ የበቀለበት አፈር ነው። ያ አፈር የት ተከምሮ እንደሚቆይ ገና ከመጀመሪያው በፈቃዱ ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት።