ምዕራፍ አራት፦ ስብከት ቅዳሜ ማታ ይጀምራል

ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ኦሪት ዘፍጥረትን እያስተማረ ሳለ መሸና አንድ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን መብራቶች ሊያበራ ገባ። ሕዝቡ ከሰባኪው ላይ ዓይኑን አንሥቶ መብራት አብሪውን ማየት ጀመረ። ዮሐንስም ትምህርቱን አቋርጦ ገሠጻቸው፤ እርሱም እኮ በመጻሕፍት ቃል መብራት እያበራላቸው ነበር።

ይህን ታሪክ የማነሣው ሐሳባቸው በስብከት ሰዓት እየተበተነ የሚቸገሩ ምእመናን ብቻቸውን እንዳይመስላቸው ነው። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከታወቁት ሰባክያን ሁሉ አንደበቱ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት መምህር ቆሞ ሲያስተምርም ሰው ዞሮ መብራት ያይ ነበር። ስለዚህ ከጉባኤ ባዶአችንን ስንመለስ ጥፋቱን ሁልጊዜ በሰባኪው ላይ መጣል አያስኬድም።

ዮሐንስ ሌላም ነገር ያሳዝነው ነበር። ሰዎቹ ያጨበጭቡለታል፣ ያደንቁታል፣ ከደጅ ሲወጡ ግን ይረሱታል። በአንድ ጉባኤ ጭብጨባውን እንዲተዉ ሊያስተምር ቢነሣ እዚያው ላይ መልሰው ስለጮኹ ሕግ እያወጣሁ እንኳ አታዳምጡኝም ብሎ ወቅሷቸዋል። የእኛን ዐውደ ምሕረት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ሩቅ አገር አይመስለውም። እልልታ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ምስጋና ነው፤ ማንም እንዲተወው አልመክርም። የምፈራው ሞቅታውን እንደ ትምህርት የቆጠርን እንደሆነ ነው። ሰባኪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ልባችን ይሞቃል፣ ዝማሬው ይቀጥላል፣ “ቃለ ሕይወት ያሰማልን” እንላለን፤ ሐሙስ ላይ ግን የትምህርቱ ርእስ ምን እንደነበረ የሚጠይቀን ቢመጣ መልስ እናጣለን። ጌታችን የዘሪውን ምሳሌ ከተረጎመ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ያሳሰባቸው እንዴት እንደሚሰሙ እንዲጠነቀቁ ነበር (ሉቃስ 8)። በምሳሌው ዘሩ አንድ ነው፤ የተለያየው መሬቱ ነው። መሬት ደግሞ የሚታረሰው ከዘር በፊት ነው።

ግጻዌውን መክፈት

ለዚህ እርሻ ቤተ ክርስቲያን ራሷ መሣሪያ አዘጋጅታልናለች፤ ግጻዌ ይባላል። ግጻዌ በዓመቱ ውስጥ በየዕለቱና በየሰንበቱ በቅዳሴ የሚነበቡትን ክፍሎች የሚያመለክት መጽሐፍ ነው። ከጳውሎስ መልእክታት የትኛው፣ ከያዕቆብ፣ ከጴጥሮስ፣ ከዮሐንስና ከይሁዳ መልእክታት የትኛው፣ ከግብረ ሐዋርያት የትኛው እንደሚነበብ ይናገራል፤ ምስባኩን፣ ወንጌሉንና የዕለቱን ቅዳሴም ያሳያል። በአማርኛ ታትሟል፤ በስልክ የሚጫንም አለ። ብዙ ምእመን ግን የካህናትና የዲያቆናት መጽሐፍ ብቻ ስለሚመስለው አይከፍተውም። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ሰባኪው እሑድ የሚናገረውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ከዚሁ መዝገብ ነውና።

የዐቢይ ጾምን ሰንበታት እናስታውስ፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። ስማቸውን ያገኙት ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ ሲሆን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ወንጌል አላቸው። በደብረ ዘይት ስለ ዓለም ፍጻሜ የሚናገረው ማቴዎስ 24፣ በገብር ኄር የመክሊቱ ምሳሌ ያለበት ማቴዎስ 25 ይነበባል። ከልደት በፊት በታኅሣሥ የሚመጡት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊም እንደዚሁ ናቸው። ይህን የሚያውቅ ሰው የሚቀጥለው እሑድ ወዴት እንደሚወስደው አስቀድሞ ያውቃል።

አንዱን ሰንበት ቀረብ ብለን እንየው። የጾሙ አራተኛ እሑድ መጻጉዕ ነው፤ ወንጌሉ ዮሐንስ 5። ቅዳሜ ማታ ራት ከተበላ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሱን ይክፈቱና ክፍሉን ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ ያንብቡ። የሚያውቁት ታሪክ ስለሆነ ዓይንዎ ሊሮጥ ይችላል፤ ያዘግዩት። ሰውየው ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሟል። ጌታ ሲያገኘው ልትድን ትወዳለህን ብሎ ይጠይቀዋል። ይህን ያህል ዘመን አልጋ ላይ ለቆየ ሰው ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ደግሞ የሰውየውን መልስ ይመልከቱ። አዎን አላለም፤ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ። ለምን? ከዳነም በኋላ ያዳነው ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር። አልጋውን ለምን ተሸክመህ ሂድ ተባለ? በዚያ ቀን፣ በሰንበት?

ከእነዚህ አንዱን ጥያቄ በወረቀት ይጻፉት። መልሱን ፍለጋ አይድከሙ፤ ጥያቄው ይበቃል። በማግሥቱ ሰባኪው መጻጉዕን ሲያነሣ ጆሮዎ ሌላ ጆሮ ይሆናል፤ የሚፈልገው ነገር አለውና። ሰባኪው ጥያቄዎን ከመለሰ ደስ ይልዎታል፤ ካልመለሰም ለንስሐ አባትዎ ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር የሚያቀርቡት ነገር ይዘው ይመለሳሉ። የግጻዌ ሥርዓት በሌለበት የወንጌላውያን ጉባኤ የሚሳተፍ አንባቢም የሳምንቱን የምንባብ ክፍል ከአገልጋዮቹ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይህንኑ ጥቅም ያገኛል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዮሐንስ አፈወርቅ የዮሐንስን ወንጌል ሲያስተምር ምእመናኑን የጠየቃቸው ይህንኑ ነበር፤ በጉባኤ የሚነበበውን ክፍል ቤታቸው ተቀምጠው አስቀድመው እንዲያነቡት፣ የገባቸውንና ያልገባቸውን እንዲለዩ። ጊዜ የለንም፣ መጽሐፍ የለንም የሚሉትንም አልተቀበላቸውም። በዚያ ዘመን መጽሐፍ በእጅ የሚገለበጥ ውድ ዕቃ ነበር። ዛሬ በኪሳችን ይዘነው እንዞራለን።

በጉባኤው መካከል

የሰንበት ስብከት ብዙ ጊዜ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣል። ምእመኑ ከሌሊት ጀምሮ ቆሟል፣ አልበላም፣ አልጠጣም፤ ፀሐይዋም ወጥታለች። እንቅልፍ ቢመጣ የእምነት ጉድለት አድርጎ ራስን መኰነን አይገባም። በሐዋርያት ሥራ 20 ጳውሎስ በጢሮአዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስተምር አውጤኪስ የሚባል ወጣት በመስኮት ተቀምጦ እንቅልፍ ጣለውና ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ሐዋርያው ወርዶ አቀፈው፤ ልጁም ዳነ። ስለ እንቅልፉ የተናገረው አንድም የወቀሳ ቃል አልተጻፈም። ትምህርቱም እስከ ንጋት ቀጠለ። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ለደካማ ሰሚ ያለው ርኅራኄ ይገርመኛል።

ርኅራኄው እንዳለ ሆኖ ሰውነትን ማገዝ የኛ ድርሻ ነው። ቅዳሜ ሌሊት አምሽቶ እሑድ ንቁ ሆኖ መስማት ያስቸግራል። ዐውደ ምሕረቱ ላይ ከበሩ አጠገብ ወይም ከድምፅ ማጉያው ሥር ከመቀመጥ የሰባኪው ፊት ወደሚታይበት ጠጋ ማለት ብዙ ይረዳል፤ ከበር አካባቢ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ ሰላምታ ይበዛል። ስልክ ይዘጋ። ሕፃን የያዙ እናቶች ከኋላ የሚቀመጡት ወደው ስላልሆነ፣ አጠገባቸው ያለ ሰው ልጁን ለጥቂት ደቂቃ ተቀብሎ ቢይዝላቸው እርሱም ስብከት ሰማ ማለት ነው።

ማስታወሻ መያዝን እደግፋለሁ፤ ሁሉን መጻፍን ግን አልደግፍም። ሁሉን የሚጽፍ ሰው እጁ ይሰማል እንጂ ልቡ አይሰማም። ሦስት ነገር ይበቃል፦ የተጠቀሰው ምዕራፍና ቁጥር፣ ልብዎን የነካው አንድ ሐሳብ፣ ያልገባዎት አንድ ነገር።

የሚሰሙትን እየለዩ መስማት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በአንድ ስብከት ውስጥ ብዙ ዓይነት ነገር ተሰናስሎ ይመጣል። ከመጽሐፍ ቅዱስ የተነበበ ቃል አለ፤ የሊቃውንት ትርጓሜ አለ፤ ከገድል፣ ከድርሳንና ከተአምር የተወሰደ ታሪክ አለ፤ የሰባኪው የራሱ ገጠመኝና አስተያየትም አለ። ሁሉም ቦታ አለው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። ሰባኪው ስለ ሰፈሩ ወይም ስለ ወቅቱ ጉዳይ የተናገረውን ከወንጌሉ ጋር አንድ አድርጎ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው ሰባኪውንም ወንጌሉንም ይበድላል። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ቃል በፍጹም ፈቃድ ተቀበሉ፤ ነገሩ እንደዚያ መሆኑን ለማረጋገጥም ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር (ሐዋርያት ሥራ 17)። ሉቃስ ስለዚህ አመሰገናቸው እንጂ አልነቀፋቸውም። የሐዋርያ ቃል ከተመረመረ የእኛ ሰባኪ ቢመረመር አያስደንቅም፤ ምርመራው ግን በትሕትና፣ መጽሐፍ ተከፍቶ ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ መደናገር ልግለጥ። ያለፈው ዓመት ሰባኪ አንዱን ጥቅስ በአንድ መንገድ ፈትቶት፣ የዘንድሮው በሌላ መንገድ ቢፈታው አንዱ ተሳስቷል ማለት ላይሆን ይችላል። የአንድምታ ትርጓሜ ለአንድ ንባብ ብዙ ፍች እየደረደረ የሚሄድ ነው፤ ሰባኪው ለዕለቱ የሚስማማውን አንዱን ይመርጣል። ስለዚህ ሁለቱን ፍች ጎን ለጎን ጽፎ ማቆየት ይሻላል።

አንደበቱ የማይጥም ሰባኪ ሲመጣስ? ብዙዎቻችን የምንወደው ሰባኪ የሚመጣበትን ቀን ጠይቀን ነው የምንሄደው። ይህ ልማድ ሰሚውን ይጎዳዋል ብዬ አምናለሁ። ቅዳሜ ማታ ክፍሉን ያነበበ ሰው የሚንተባተብ ዲያቆን ቢያስተምረውም ባዶ እጁን አይመለስም፤ ቢያንስ የዕለቱን ወንጌል ይዟል።

ከጉባኤ በኋላ

በነህምያ 8 ዕዝራ በእንጨት መድረክ ቆሞ ሕጉን ከማለዳ እስከ ቀትር አነበበ፤ ሌዋውያኑም ለሕዝቡ ያስረዱ ነበር። ሕዝቡ ሰምቶ አለቀሰ። መሪዎቻቸው ግን ለቅሶውን አስቁመው ብሉ፣ ጠጡ፣ ለሌለው ደግሞ ድርሻ ላኩለት አሏቸው። በማግሥቱ የቤተሰብ አለቆች ተጨማሪ ሊማሩ ወደ ዕዝራ ተመለሱ፤ ስለ ዳስ በዓል የተጻፈውን አገኙና ወጥተው ቅርንጫፍ ቆርጠው ዳስ ሠሩ። ሰሙ፣ ገባቸው፣ አካፈሉ፣ ተመልሰው ጠየቁ፣ አደረጉ። ስለ ስብከት አሰማም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ለእኛ ይህ ማለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በምሳ ላይ ስለ ሰባኪው ድምፅና አለባበስ ከማውራት ስለ ተናገረው ማውራት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው ዮሐንስ አፈወርቅ ባሎች ከጉባኤ እንደተመለሱ ሚስትና ልጆችን ሰብስበው የሰሙትን አብረው እንዲከልሱ አዝዟል። ለልጆች ምን ተማራችሁ የሚለው ጥያቄ ፈተና ስለሚመስላቸው ዝም ያሰኛቸዋል። መጻጉዕ “ሰው የለኝም” ያለው ለምን ይመስላችኋል ቢባሉ ግን ይናገራሉ። በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን አማርኛው ለከበዳቸው ልጆች ደግሞ ወላጅ ታሪኩን በሚገባቸው ቋንቋ በመኪና ውስጥ መንገሩ ከብዙ ተግሣጽ ይሻላል፤ ለዚህም ወላጁ ራሱ ቅዳሜ ማታ አንብቦት መሆን አለበት።

ከዚያ አንድ ነገር ማድረግ። አንድ ብቻ። መጻጉዕን የሰማ ቤተሰብ በግቢው ወይም በፎቁ ሰው የሌለው ማን እንደሆነ ይጠይቅ፤ ልጆቹ የጠያቂ ያለህ የሚሉትን አዛውንት ያውቃሉ፣ እስከ ረቡዕ አንድ ቀን ሄዶ ማየት ይቻላል።

ስለ ስልክ ስብከት ልጨምር። በዓረብ አገራት በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሲያቅታቸው ብዙውን ጊዜ ያላቸው ጉባኤ የጆሮ ማዳመጫው ነው፤ ይህን አገልግሎት የሚያቃልል ሰው ችግራቸውን አያውቅም። ደጁ ክፍት ሆኖለት ሳለ በአጫጭር ቪዲዮ ብቻ የሚኖር ሰው ግን ከስብከቱ የሚያገኘው የሚያስለቅሰውን ወይም የሚያስቀውን ቁራጭ ነው፤ ምዕራፉን፣ ማስረጃውንና መደምደሚያውን አያገኝም። በስልክ የሚሰማ ሁሉ በቀን ሃያ ቁራጭ ከሚሰማ በሳምንት አንድ ሙሉ ስብከት ይምረጥ፤ ከመጫኑ በፊት ጥቅሱን ያንብብ፤ ጥቅስ ሲጠራ ድምፁን አቁሞ ክፍሉን ከመጽሐፉ ይፈልግ። ባለችበት ሆና ይህን የምታደርግ እኅት ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጓደኛዋ ጋር በቴሌግራም ጥያቄዋን ብትለዋወጥ ደግሞ ያው የዕዝራ ጉባኤ የማግሥቱ ትምህርት ነው።