ባቡር ያልደረሰባት ጋምቤላ፦ የሞዴል ምድር ባቡር አነዳደፍ ትውውቅ

የሞዴል ምድር ባቡር ማለት ባቡሩን፣ ሐዲዱን፣ ጣቢያውንና ዙሪያውን በአንድ ምጣኔ አሳንሶ በቤት ውስጥ የመሥራት ጥበብ ሲሆን፣ ብዙዎች የልጆች መጫወቻ ነው ብለው ቢያልፉትም፣ ታሪክን፣ ቅየሳን፣ አናጢነትንና የኤሌክትሪክ ሥራን በአንድነት የሚጠይቅ ሌላ የትርፍ ጊዜ ሥራ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ባቡር ደርሶባት የማታውቀው ጋምቤላ ለዚህ ጥበብ እንግዳ ብትመስልም፣ ለንድፍ የሚሆን ጉዳይ ግን ከድሬዳዋ ባልተናነሰ አላት።

አጼ ምኒልክና የእንግሊዝ ወኪል ጆን ሐሪንግተን በግንቦት 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በአራተኛው አንቀጹ በባሮ ዳር ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2000 ሜትር የማይበልጥ የንግድ ቦታ ሲፈቅድ፣ በአምስተኛው አንቀጹ ደግሞ ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር ላይ የመዘርጋት መብት ሰጥቷል። ከፊተኛው አንቀጽ የጋምቤላ ወደብ ተወለደ፤ ይህም ወደብ ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። የኋለኛው አንቀጽ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። ሞዴል ሠሪዎች በእውን ያልተሠራን፣ ነገር ግን ሊሠራ ይችል የነበረን መስመር መንደፍ እጅግ ይወዳሉ፤ ውሉም የመስመሩን አቅጣጫ ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ትቶት ስለነበር፣ ንድፍ አውጪው ሐዲዱን በጋምቤላ በኩል ቢያሳልፈው የሚከሰው የለም።

ጀማሪዎችም ሆኑ ዕቃ ሻጮች ዘወትር የሚያምታቷቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ስኬል የሚባለው አንድ ዕቃ ከእውነተኛው ምን ያህል እንዳነሰ የሚገልጽ ምጣኔ ነው፤ ጌጅ የሚባለው ደግሞ በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች የውስጥ ጠርዞች መካከል ያለው ርቀት ነው። በብዛት የሚሸጠው ኤች ኦ የተባለው ዓይነት ስኬሉ 1፡87 ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የሚመጣው የተለመደ ሐዲድ የ16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው፣ በ87 ሲባዛ 1435 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህም እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርና የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር የሚጓዙበት ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የለገሃር ባቡር ግን የሚሄደው በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ስለነበር፣ ያንን ባቡር በ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚያቆም ሰው ከእውነቱ በ435 ሚሊ ሜትር የሰፋ መስመር ሠራ ማለት ነው። ፉርጎው ያማረ ሆኖ ሳለ ሐዲዱ የሚያሳፍረው ሞዴል ከዚህ ስሕተት የመጣ ነው፤ ይህንንም ሳያጣሩ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ሊወቀሱ ይገባል።

ወደ ጋምቤላው ንድፍ ሲመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይጥማል። የሱዳን ምድር ባቡር የተዘረጋው በ1067 ሚሊ ሜትር፣ የዩጋንዳው ደግሞ በ1000 ሚሊ ሜትር ስለነበር፣ ውሉ ያሰበው መስመር ቢሠራ ኖሮ የሁለቱ ስፋቶች መለያያ በአንድ ስፍራ መኖሩ የማይቀር ነበር፤ በዚያ ስፍራም ጭነት ሁሉ ከአንዱ ፉርጎ ወርዶ በሌላው ይጫናል። በሞዴል ሐዲድ ገበያ ለአንድ ሜትር ጌጅ ተብሎ የሚሸጠው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በ87 ሲባዛ 1044 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከዩጋንዳው በ44 የሚበልጥ፣ ከሱዳኑ በ23 የሚያንስ ነው። የሁለቱ አገሮች የ67 ሚሊ ሜትር ልዩነት በ1፡87 ሲታይ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሚወርድ ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ሠሪው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሐዲድ ይግዛ፤ ነገር ግን ሁለቱን መስመሮች ፈጽሞ አያገናኛቸው። በመካከላቸው የጭነት መድረክ አኑሮ፣ በአንዱ ወገን የሱዳንን ፉርጎ፣ በሌላው የዩጋንዳን አቁሞ፣ ኩንታሎችን ከወዲህ ወዲያ የሚያሻግሩ ወዛደሮችን ማሳየት ሲችል፣ ሐዲዱን ገጥሞ ባቡሩን በቀጥታ የሚያሳልፍ ሰው የመስመሩን ዋና ቁም ነገር ጥሎታል።

ሌላው ነገር ቦታ ነው። በ1፡87 አንድ ኪሎ ሜትር አሥራ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚሆን፣ በውሉ የተፈቀደው የ2000 ሜትር የወንዝ ዳር ብቻውን ሃያ ሦስት ሜትር ግድግዳ ይፈልጋል፤ ይህን ያህል ሳሎን ያለው ቤት ደግሞ በጋምቤላም ሆነ በሌላ ስፍራ ብርቅ ነው። መፍትሔው መርጦ ማሳጠር ነው፦ የመርከብ ማቆሚያው፣ የቡና መጋዘኑ፣ የጉምሩክ ግቢውና የጭነት መለዋወጫው ይቀራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ሜዳ ይወጣል። ከባሮ ዳር ወደ ጎሬ ደጋ የሚያወጣውን ዳገት ለመሥራት መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው፤ አንድ ባቡር በሌላው ሥር እንዲያልፍ እንኳ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ስለሚያስፈልግ፣ በመቶ ሁለት ተኩል ዳገት ከሦስት ሜትር በላይ ሐዲድ ይበላል።

የወንዙ ቀለም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መርከቦች ከካርቱም የሚመጡት ውኃው በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ስለነበር፣ መርከብ የቆመበት ባሮ ሰማያዊ ሊሆን አይችልም፤ ጭቃ የያዘ ቡናማ ነው። ዛሬ በወንዙ ላይ ያለው ድልድይም በወደቡ ዘመን ስላልነበረ፣ ከመርከቦቹ ጎን መታየት የለበትም።

ጠረጴዛውን በተመለከተ ኮምፖርሳቶ በእንጨት ክፈፍ ላይ ይበቃል፤ በጋምቤላ ግን ምስጥ ስለማይምር እግሩ ብረት ቢሆን ይመረጣል። ጥልቀቱ እጅ ከሚደርስበት ከ75 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ሙቀቱ በሃያ ዲግሪ ሲለዋወጥ አራት ሜትር ሐዲድ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚለጠጥና እንጨቱም በእርጥበት ስለሚያብጥ፣ በየመገጣጠሚያው ጥቂት ክፍተት መተው ግድ ነው፤ ሐዲዱን ጥርቅም አድርገው የሚያያይዙ ሰዎች በየካቲት ሐሩር ተጣሞ ያገኙታል። ባቡሩ የሚነዳው በ12 ቮልት ስለሆነ መብራት በሚቋረጥበት ቀን የፀሐይ ባትሪ ያገለግላል።

የጊዜ ሰሌዳው ሁለት መሆን አለበት። በሙላቱ ወራት ቡና ወደ መርከብ ይወርዳል፤ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ከመርከብ ይወጣል። በበጋው ሰሌዳ መርከብ ስለሌለ ከደጋ የወረደው ቡና በመጋዘኑ ይከማቻል፤ ስለዚህ መጋዘኑ ሲነደፍ ከማቆሚያው መድረክ ሰፋ ብሎ፣ ባዶ ፉርጎዎች የሚያድሩበት ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ሐዲድ ከጎኑ ሊኖረው ይገባል።