ሌባው የትኛው ነው? ጅራቱን እዩ

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ነበር። ዶሮዋ ጫጩቶቿን አሰልፋ መሬት ትጭራለች። ድንገት አንድ ጥላ ግቢውን አቋርጦ አለፈ። ዶሮዋ ጮኸች። የቤቱ እመቤትም «ኧረ ወሰደው! ወሰደው!» እያሉ ከጓሮ ሮጠው መጡ። ሰባት የነበሩት ጫጩቶች ስድስት ሆነዋል።

የልጅ ልጃቸው ወንጭፉን ይዞ ወጣ። ዙሪያውን ቢያይ፣ ከመንገዱ ማዶ በመብራት እንጨት ላይ አንድ አሞራ ተቀምጧል። «ያውላችሁ ሌባው!» አለና ድንጋዩን ለቀቀ። ደግነቱ ሳተው።

ደግነቱ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንጨቱ ላይ የተቀመጠው ወፍ ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ ቀይ ነበር። ጫጩቱን የወሰደው ግን ሁለመናው ቡናማ ነው። ሰረቀው ሌላ፣ ድንጋይ የተወረወረበት ሌላ።

«ሁሉም አሞራ አይደለም ወይ? በምን ይለያል?» አሉን እማማ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ስሙ ራሱ ይደባለቃል። አንዱ ጭልፊት ያለውን ሌላው ጭላት ይለዋል። በአንድ ስም ሁለት ሦስት ዓይነት ወፍ ይጠራል። ስለዚህ ስሙን ለጊዜው እንተወውና ላባውን እንመልከት።

ጫጩት የሚነጥቀውን ጭልፊት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በገበያና በሥጋ ቤት ላይ የሚያንዣብበው እሱ ነው። ከላይም ከታችም ቡናማ ነው። ሲያድግ መንቆሩ ቢጫ ይሆናል። ዋናው ምልክቱ ግን ጅራቱ ነው። ረዘም ያለ ነው፤ ጫፉም መሐል ላይ ገባ ብሎ መንታ ይመስላል። ሲበር ጅራቱን ወዲያና ወዲህ ያጣምመዋል፤ መሪ እንደሚያዞር ሾፌር ማለት ነው። ሥጋ ከሰው እጅ እንኳ ነጥቆ ይሄዳል። በእሱ ላይ የቀረበው ክስ እውነት ነው።

በእንጨቱ ላይ የነበረውን ደግሞ ገዴ የሚሉት አሉ። ገድ ማለት ዕድል ነው። ድሮ መንገደኛ ይህን ወፍ ሲያይ ቆም ይል ነበር። ወፉ ደረቱን ካሳየው መንገዱ ይቃናል፤ ጀርባውን ከሰጠው ግን አይቀናም ይባል ነበር። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1830ዎቹ ወደ ሰሜን ተራሮች መጥቶ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1836 ለወፉ የሳይንስ ስም ሲያወጣለት «አውጉር» አለው። በጥንት ሮማውያን ቋንቋ፣ ወፍ አይቶ የሚተነብይ ሰው ማለት ነው። እኛስ ጀርባውን ቢሰጠን አንከፋም። ቀዩ ጅራት ደህና ሆኖ የሚታየው ከጀርባ ነውና!

ገዴ ክንፈ ሰፊ፣ ጅራተ አጭር ነው። ጀርባው ወደ ጥቁር ያደላ ግራጫ ነው። ሆዱ ነጭ ነው። ሴቷ ብዙ ጊዜ ጉሮሮዋ ላይ ጠቆር ይላል። ጅራቱ እንደ ሸክላ ቀይ ነው፤ አይሰነጠቅም። ገና ያልጎለመሰው ግን ያሳስታል። ቡናማ ነው፣ ጅራቱም ገና አልቀላም። ከጭልፊት የሚለየው በጅራቱ ማጠርና መንታ ባለመሆኑ ነው።

ታዲያ እንጨት ላይ ተቀምጦ ምን ይጠብቃል? አይጥና ፍልፈል ነው የሚጠብቀው። አንዳንድ ጊዜም ገደል አፋፍ ላይ ነፋሱን ተደግፎ ባለበት ይቆምና ቁልቁል ያያል። እባብና እንሽላሊትም ይበላል። ጫጩት ከቶ አይነካም አንልም፤ አጋጣሚ ካገኘ ሊያነሳ ይችላል። ግን አይጥ በገብስ ማሳና በጎተራ የምታደርሰውን ጥፋት ለደባርቅ ገበሬ መንገር አያስፈልገንም። አንድ ነገር ግን እንንገር። መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም። እየተንገዳገደች ሜዳ ላይ ትወጣለች። ያን ጊዜ ገዴ ያነሳታል፤ መርዙም ወደ እሱ ያልፋል።

በስም ማጥፋት የተጎዳ ሌላም አለ። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ወይም ወደ ሳንቃበር የሄደ ሰው፣ ገደሉን ታክኮ የሚያልፍ ትልቅ አሞራ ያያል። ሆዱ የዛገ ብረት ይመስላል። ከመንቆሩ ሥር ጥቁር ጢም አለው። ጅራቱ ጫፉ ላይ ይሾላል። አጥንት ወደ ላይ ይዞ ይወጣና ድንጋይ ላይ ጥሎ ይሰብረዋል፤ ከዚያ ወርዶ ይበላዋል። ጀርመኖች ስሙን «የግልገል አሞራ» አሉት፤ ግልገል ይወስዳል ብለው። በአልፕስ ተራሮች በዚህ ክስ ሲገደል ኖሮ በ1913 (እ.ኤ.አ.) የመጨረሻው በጥይት ተመታ። ከዚያ ስሕተቱ ታወቀና፣ ከ1986 ጀምሮ በሰው እጅ እያሳደጉ ወደ ተራሮቹ መለሱት። በሰሜን ተራሮች ግን ዛሬም በገዛ አገሩ ይበራል።

ይህን ስናወራ እማማ ጫጩቶቹን ሰብስበው ቅርጫት ደፉባቸው። ልጁ ግን ሰማይ ሰማይ ያያል። «ይኸኛውስ?» አለ። ቀና ብንል ሆዱ ጥቁር የሆነ አሞራ ይዞራል። ነጭ ደረት የለውም። ቡናማም አይደለም። እኛም ወዲያው መልስ አልሰጠነውም። «ቆይ፣ እስኪዞር» አልነው። ከገዴ ወገን ሆዱም ጀርባውም ጥቁር የሆነ አለ። ወፉ በነፋሱ ላይ ጋደል ሲል ፀሐይ ጀርባውን አገኘችው።

«ቀይ ነው!» አለ ልጁ። ወንጭፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለው።