ቆዳን ሳያስቆጡ እርጅናን ማዘግየት፦ የዕፅዋት ግብዓቶች ዳሰሳ

የፊት መሸብሸብን በመቀነስ በጥናት በብዛት የተመሰከረላቸው ሬቲኖልና ሌሎች የቫይታሚን ኤ ዝርያዎች ናቸው። ችግሩ ያደርቃሉ፣ ይለበልባሉ፣ ቆዳ ይልጣሉ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ጣጣው ይረዝማል፤ የተቆጣው ቦታ ከዳነ በኋላም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ቆዳቸው በቀላሉ የሚቆጣ ብዙ ሰዎች ወደ ዕፅዋት የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው። ይሁንና ከተክል መገኘት ብቻውን ለቆዳ መስማማትን አያረጋግጥም፤ ወሳኙ የትኛው የተክሉ ክፍል፣ እንዴት ተጣርቶ እንደወጣ ነው።

ለዚህ ጥሩው ማሳያ በህንድ ባህላዊ ሕክምና የሚታወቀው ባብቺ ነው። ከዘሩ ተጣርቶ የሚወጣው ባኩቺዮል የሬቲኖል አማራጭ ሆኖ ቀርቧል። በ2019 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ደርማቶሎጂ የታተመ ጥናት 44 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሏል። 0.5 በመቶ ባኩቺዮልና 0.5 በመቶ ሬቲኖል ሽብሽብንና የቆዳ መጥቆርን በተቀራረበ መጠን ሲቀንሱ፣ መላጥና መለብለብ የበዛው በሬቲኖል ተጠቃሚዎች ላይ ነበር። ጥናቱ አነስተኛ ቢሆንም ተስፋ ሰጪ ነው። ያልተጣራው የባብቺ ዘይት ግን ሶራለን የተባለ፣ ቆዳ በፀሐይ እንዲቃጠል የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለው።

እሬትም እንዲሁ ነው። የቅጠሉ ውስጠኛ ዝልግልግ ክፍል ቆዳን ያቀዘቅዛል፤ ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ግን ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል።

የቆዳ ቁጣን ከሚያበርዱት ዕፅዋት መካከል አጃ ቀዳሚ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2003 እ.ኤ.አ. የላመ አጃን ቆዳን ከሚጠብቁ ግብዓቶች መድቦታል፤ አቬናንትራማይድ የተባሉት ውህዶቹ ማሳከክን ያስታግሳሉ። ከእስያ የሚመጣው ሴንቴላ የተባለ ተክል ቁጣን ከማብረድ አልፎ ኮላጅን እንዲመረት ያግዛል። የአረንጓዴ ሻይ ፖሊፌኖሎች ፀሐይ በቆዳ ላይ የምታደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ይረዳሉ።

እርጥበትን ለመጠበቅ ከወይራ ወይም ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራው ስኳሌን ቀላልና ሽታ አልባ ነው። በጋምቤላም ከሚበቅለው የሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣው ቅቤ ከበድ ስለሚል ለደረቅ ቆዳ ይሻላል። እርጥበት ያገኘ ቆዳ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ጎልተው አይታዩም።

ጥንቃቄ የሚሹ የዕፅዋት ውጤቶችም አሉ። የሎሚ ጭማቂ ፊት ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል። እንደ ላቬንደር ያሉ መዓዛማ ዘይቶችም አለርጂ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ፊትን በማስረጀት ከፀሐይ የሚበልጥ የውጭ ምክንያት የለም፤ መከላከያ ክሬምን የሚተካ የዕፅዋት ዘይትም የለም። በዚንክ ኦክሳይድ የተሠራ፣ የመከላከል አቅሙ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም ለሚቆጣ ቆዳ ይስማማል።

አዲስ ቅባት ፊት ላይ ከመቀባቱ በፊት በክንድ ውስጠኛ ክፍል በቀን ሁለት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀናት ይሞከር። ካላቀላና ካላሳከከ ወደ ፊት ይሸጋገራል። ሁለት አዳዲስ ቅባቶችን በአንድ ጊዜ መጀመር ግን አይመከርም፤ ቆዳ ቢቆጣ ጥፋተኛውን መለየት ያስቸግራል።