የስኩተር ማርሽ ሲለወጥ የሚገኘውና የሚታጣው

አነስተኛ ስኩተር ያለው ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሞተሩን ሳይነኩ ማርሹን ብቻ በመለወጥ ፍጥነት መጨመር ይቻል እንደሆነ ነው። መልሱ «ይቻላል» ነው። ሆኖም የሚጨመረው ፍጥነት ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ የሚደረግ ለውጥ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም ሊያስከፍል ስለሚችል፣ ነገሩን በቁጥር እያስደገፍን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ስኩተር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቬስፓ ነው። የነደፈው ኢጣሊያዊው መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሲሆን፣ ፒያጆ የተባለው ፋብሪካ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ አቀረበው። ያን ጊዜ ሞተሩ 98 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ማርሹም ሦስት ነበር፤ ነጂው በግራ እጁ መያዣውን እያዞረ ይቀያይራል። በከተሞቻችን የምናየው ባለሦስት እግር ባጃጅም የዚሁ ዘመድ ነው፤ የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ ቀደም ሲል ቬስፓን በፈቃድ ይሠራ ነበርና። አሁን በብዛት የሚሸጡት ትናንሽ ስኩተሮች ግን በእጅ የሚቀየር ማርሽ የላቸውም። የሞተሩ ኃይል በቺንጊያ ወደ ኋላ ይሄድና ከኋላ ጎማ አጠገብ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ በሁለት ጥንድ ማርሾች ዙሩ እንዲቀንስ ይደረጋል። ይለወጥ የሚባለው ከነዚህ ጥንዶች አንዱ ነው።

ለምሳሌ የመጀመሪያው ጥንድ 14 እና 42 ጥርስ፣ ሁለተኛው 13 እና 52 ጥርስ አላቸው እንበል። የመጀመሪያው ዙሩን 3 ጊዜ፣ ሁለተኛው 4 ጊዜ ይቀንሳል፤ በጠቅላላው 12 ጊዜ ማለት ነው። ከቺንጊያው የሚደርሰው በደቂቃ 7200 ዙር ቢሆን ጎማው 600 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 1.3 ሜትር ከሆነ ስኩተሩ በሰዓት 47 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አሁን የመጀመሪያውን ጥንድ በ16 እና በ40 እንተካው። (የጥርሶቹ ድምር በሁለቱም 56 መሆኑን ልብ ይሏል። የሁለቱ ዘንጎች ርቀት ስለማይለወጥ፣ የጥርሱ መጠን እስካልተለወጠ ድረስ ድምሩም አይለወጥም።) ጠቅላላው ቅነሳ 10 ጊዜ ይሆናል፤ ፍጥነቱም በስሌት ወደ 56 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል።

ታዲያ ይህ በነፃ የተገኘ ነው? አይደለም። ማርሽ ኃይልን አይፈጥርም፤ ፍጥነትን በጉልበት ይመነዝራል እንጂ። ጎማውን የሚያሽከረክረው ጉልበት ከ12 ወደ 10 በመውረዱ አንድ ስድስተኛውን አጥቷል። በሌላ በኩል፣ ፍጥነት በ1.2 ሲባዛ አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው የሞተር አቅም 1.2 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ፣ 1.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። ትንሹ ሞተር ይህን ትርፍ አቅም ከሌለው 56 በወረቀት ላይ የቀረ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ የሚጠቅመው ሜዳ ላይ ሞተሩ ዙሩን ጨርሶ እየጮኸ ገና አቅም ሲተርፈው ብቻ ነው።

የእኛ አገር ችግር ደግሞ ከፍታው ነው። ከባሕር ወለል በላይ በየ1000 ሜትሩ ተራ ሞተር አንድ አሥረኛ ያህል ኃይሉን ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁን የሚያቃጥል ኦክሲጅን ያንሳልና። በርበራ ወደብ ላይ የሚፈተለክ ስኩተር 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ሐርጌሳ ሲደርስ ከአንድ አሥረኛ በላይ ይደክማል። አዲስ አበባ ላይ የሚጠፋው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። በዚህ ላይ ማርሹ አንድ ስድስተኛ ሲቀንስበት ከመጀመሪያው ጉልበት የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሆናል። ከኋላ ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ ነጂ ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይግላል፣ ሽታውም ይመጣል። ስለዚህ ለዳገታማ ከተማ የሚያዋጣው ተቃራኒው ነው። 13 እና 43 ጥርስ ቢገባ ጉልበቱ በአንድ አሥረኛ ይጨምራል፤ ሐርጌሳ ላይ የጠፋውን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ፍጥነቱ ግን ወደ 42 ይወርዳል። እኛ የምንመርጠው ይህን ነው።

ፍሬኑንም ማሰብ ያሻል። ፍጥነት በ1.2 ሲያድግ ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት 1.44 እጥፍ፣ የመቆሚያው ርቀትም በዚያው ልክ ይሆናል። ፋብሪካው ፍሬኑን የሠራው ለ47 ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የፈጠነው ማርሽ ሞተሩ ጎማውን ይዞ የሚያዘገይበትን ኃይል ይቀንሳል።

ጥርስ ሲሰበር በብየዳ ሞልቶ በሞረድ ማስተካከል ይቻላል የሚሉ አሉ። ይህን ነገር ብረት የሚያውቅ ሰው አይቀበለውም። በሐርጌሳ ዳሚ በተባለው ሰፈር በብዛት የሚኖሩት ገቦዬ የተባሉት ወገኖች ብረት በመቀጥቀጥ የታወቁ ናቸው፤ በሙያቸው ምክንያት መናቃቸው በአገራችን ቀጥቃጮች ከደረሰባቸው ጋር አንድ ነው። ንቀቱ የዕውቀት ማነስ ነው፤ ብረት ግሎ ውሃ ሲነከር እንደሚጠነክር፣ እንደገና ሲግል እንደሚለሰልስ ቀጥቃጩ ከእኛ የፊዚክስ መጻሕፍት ቀድሞ ያውቀዋል። የማርሽ ጥርስ ውጪው የጠነከረ፣ ውስጡ ግን እንዳይሰበር ለስለስ ያለ ሆኖ የተሠራ ነው። የብየዳው እሳት ይህን ያበላሸዋል። ከተበየደው ጥርስ ተፈንክቶ የሚወድቅ ስባሪ በማርሾቹ መካከል ከገባ የኋላ ጎማው በጉዞ ላይ ሊቆልፍ ይችላል። የተሰበረ ማርሽ ከነጥንዱ ይለወጥ፤ ዘይቱም አብሮ ይቀየር።

ስኩተር ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ብስክሌት ይበቃል። ተማሪዎች የፊተኛውንና የኋለኛውን ማርሽ ጥርስ ይቁጠሩ፤ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ፔዳሉን አንድ ዙር ያዙሩና ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይመዝግቡ። ቀጥሎ የጎማውን ዙሪያ በሜትር ለክተው በአንድ የፔዳል ዙር የሚኬደውን ርቀት በስሌት ያግኙ፤ ከዚያም ግቢው ውስጥ እየገፉ በመሬት ላይ ይለኩት።