አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ አንባቢ፦ የመቀመጫ አከፋፈል በሊኑክስ

በስደት ያለ የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት አራት አንባቢዎችን በአንድ ጊዜ ለማስተናገድ የግድ አራት ኮምፒዩተሮችን መግዛት አለበትን? ከዚህ ጥያቄ ጋር የካልጋሪ ስም ይነሣል። ዩዝፉል የተባለው የከተማይቱ ኩባንያ አንዱን የሊኑክስ ኮምፒዩተር ለብዙ ተጠቃሚዎች የሚያካፍል ፕሮግራም አዘጋጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአንድ አጋሩ ጋር ለብራዚል ትምህርት ቤቶች ከ350 ሺህ በላይ መቀመጫዎችን እንደሚያቀርብ አስታውቆ ነበር። ኩባንያው ኋላ ፊቱን ወደ ትልልቅ የማሳያ ግድግዳዎች ቢያዞርም፣ ዘዴው በነፃው ሶፍትዌር ዘንድ ሕያው ነው።

መቀመጫ ስንል አንድ ማሳያ፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ማውስ ማለታችን ነው። ማሳያውን ለመለየት ለየመቀመጫው የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል። አስቸጋሪው ኪቦርዱ ነው፤ አራት ተመሳሳይ ኪቦርዶች ሲሰኩ የትኛው የማን እንደሆነ ኮምፒዩተሩ በምን ያውቃል? ዩዴቭ የተባለው የሊኑክስ ክፍል አዲስ የተሰካውን መሣሪያ ሁሉ ተቀብሎ የመቀመጫ ምልክት ያትምበታል፤ ሎግኢንዲ የተባለው ደግሞ ምልክቱን አይቶ ለየመቀመጫው የመግቢያ ገጽ እንዲከፈት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፌዶራ 17 አንዳንድ የታወቁ የዩኤስቢ ማገናኛዎችን ያለ አንዳች ትእዛዝ ለይቶ አዲስ መቀመጫ ይከፍት ነበር።

ለሌሎቹ መሣሪያዎች ኃላፊው አንድ ጊዜ መድከም አለበት። እኔ የምመርጠው ኪቦርዶቹን አንድ በአንድ መመደብን ሳይሆን፣ ለየመቀመጫው ከግራፊክስ ካርዱ ጋር አንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ መመደብን ነው። በማከፋፈያው ላይ የሚሰካው ሁሉ ምልክቱን ከእርሱ ይወርሳልና፣ የተበላሸ ኪቦርድ ሲለወጥ ማንንም መጥራት አያስፈልግም። ሆኖም ምደባው የሚከተለው የተሰካበትን ቀዳዳ ነው፤ ማከፋፈያው ቀዳዳ ከለወጠ ምደባው ይፈርሳል።

ምልክት የሌለው መሣሪያ ሁሉ ወደ መጀመሪያው መቀመጫ ይሄዳል። ስለዚህ ማከፋፈያውን ትቶ በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ ጋር የተሰካ ኪቦርድ ላይ የሚጽፍ ሰው፣ የጻፈው በጎረቤቱ ማሳያ ላይ ይወጣል። ለትምህርት ቤት ይህ የሚያስቅ ስሕተት ነው፤ ወደ አገር ቤት ደብዳቤ ለሚጽፍ ስደተኛ ግን አያስቅም። ለየአንባቢው የተለየ መለያ ስምና ለሌላው የተዘጋ ማኅደር መስጠትም ያስፈልጋል። እያንዳንዱ በራሱ ስም ሲገባ የፊደል አጻጻፉንም ለብቻው ይመርጣል፤ አንዱ በአማርኛ ሲጽፍ ጎረቤቱ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። የማይቀረው ጉድለት ኮምፒዩተሩ ሲቆም አራቱም አብረው መቆማቸው ነው።