ያገለገለ ቱባ ስለ መግዛትና ልኩ የሆነ መንፊያ ስለ መፈለግ

በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ጥርሷን ሳያይ፣ ሰኮናዋን ሳያነሣ፣ ጥቂትም ሳያስረግጥ ገንዘቡን አይፈታም። እኛ ግን የማኅበራችንን የሙዚቃ ጓድ ለማቋቋም በተነሣንበት ጊዜ፣ ከየኪሳችን ባዋጣነው ገንዘብ አንድ ያገለገለ ቱባ የገዛነው ከሩቅ ሲያብረቀርቅ አይተን ብቻ ነው። ሻጩ ከአንድ ከረጢት ውስጥ መንፊያ አውጥቶ ጨመረልን። መንፊያው በቦታው ስላልረጋ እግሩን በወረቀት ጠቀለልነውና «ይበቃል» ብለን ሄድን።

ቱባውን እንዲነፋ የተመረጠው ጓደኛችን ትጉ ልጅ ነበር። ነገር ግን ልምምድ ስንጀምር ድምፁ ከእኛ ጋር የሚስማማው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ይሻክራል፣ ይዘገያል፣ ከልኩም ይወርዳል። አንድ ወር ታገሥነው። በመጨረሻም «ይህ ልጅ ጆሮ የለውም» የሚል ወሬ በመካከላችን ተሰማ። እርሱም ሰማ። አንድ ቀን መሣሪያውን ጠርጎ፣ በማዕዘኑ አቁሞ፣ ምንም ሳይናገር ቀረ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ፣ ዕድሜያቸውን በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ውስጥ ያሳለፉ አንድ አባት ሊጎበኙን መጡ። ቱባውን አንሥተው መንፊያውን በሁለት ጣት ነቅነቅ አደረጉት። ከዚያም ወረቀቱን ከእግሩ ላይ ፈቱት፤ በትንፋሽ ርሶ እንደ ሊጥ ሆኖ ነበር። «ልጆቼ፣ ይህ አፍ የዚህ ሰውነት አይደለም» አሉን። በዚያች ሰዓት ያፈርነውን ያህል አፍረን አናውቅም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም ያ ቀን ነው፤ ሌላ የተማሪ ጓድ በእኛ ስሕተት እንዳይወድቅ።

ቱባ ምንድን ነው?

ቱባ ከነሐስ መሣሪያዎች ሁሉ የታችኛውን ድምፅ የሚይዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ቪልሄልም ቪፕሬኽት የሚባል የወታደር ሙዚቃ አዛዥና ዮሐን ጎትፍሪድ ሞሪትስ የሚባል መሣሪያ ሠሪ በርሊን ላይ የፈጠራ መብቱን አስመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ የነሐስ ሙዚቃ ባለበት ሁሉ ቱባ አለ። በአገራችንም ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ «አርባ ልጆች» የሚባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ከተጫወቱበት ዘመን ጀምሮ የነሐስ ሙዚቃ የሰልፍና የበዓል ጌጥ ሆኖ ኖሯል።

ሥራው ቀላል ነው። ነፊው ከንፈሩን ያንቀጠቅጣል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ያንን መንቀጥቀጥ ተቀብሎ ለቱቦው ርዝመት በሚስማማው ድምፅ ይጸናል። ቱቦው በረዘመ መጠን ድምፁ ይወርዳል። ቫልቮቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሁለተኛው ቫልቭ ሲጫን ድምፁን በግማሽ፣ አንደኛው በአንድ ሙሉ፣ ሦስተኛው በአንድ ተኩል፣ አራተኛ ካለው ደግሞ በሁለት ተኩል ያወርደዋል።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት

አንደኛ፣ የመሣሪያውን ዓይነት እወቁ። ቱባ ሁሉ አንድ አይደለም። ቢ ፍላት የሚባለው የቱቦው ርዝመት 5.5 ሜትር ያህል፣ ሲ 4.9፣ ኢ ፍላት 4፣ ኤፍ ደግሞ 3.7 ሜትር ያህል ነው። ምንም ቫልቭ ሳይጫኑ ነፍቶ፣ የወጣውን ድምፅ በፒያኖ ወይም በእጅ ስልክ ላይ በሚገኘው የድምፅ መለኪያ ማመሳከር ይበቃል። በኢ ፍላት የሠለጠነ ነፊ ቢ ፍላት ቢሰጠው የጣቱን አሠራር እንደገና መማር ሊኖርበት ይችላልና ይህ ጥቂት ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ልኩን መርምሩ። የእንግሊዝ አገር የነሐስ ጓዶች እስከ 1960ዎቹ እኩሌታ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከዛሬው ልክ ከፍ ባለ ድምፅ ይጫወቱ ነበር። ዛሬ ላ የሚባለው ድምፅ በሴኮንድ 440 ጊዜ ሲንቀጠቀጥ የእነርሱ 452 ያህል ነበር። ልዩነቱ ወደ ግማሽ ድምፅ እኩሌታ ይደርሳል። በዚያ ልክ የተሠራ ኢ ፍላት ቱባ ከሌሎች ጋር እንዲስማማ ቱቦው 11 ሳንቲ ሜትር ያህል መርዘም አለበት። ይኸውም ዋናውን ተንሸራታች ቱቦ 5.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ መሳብ ነው፤ ተንሸራታቹ የሄደውን ርቀት አየሩ በሁለቱም ክንድ ስለሚሄደው ነው። ተንሸራታቹ ይህን ያህል የማይወጣ ከሆነ ቱባው ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለጓድ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ቫልቮቹን ፈትኑ። ቫልቩን ሳትጫኑ የዚያን ቫልቭ ተንሸራታች ቱቦ ጥቂት ሳቡት። ቫልቩ ደኅና ከሆነ አየሩ መግቢያ ስለሚያጣ ቱቦው እንደ ላስቲክ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ወይም ሳባችሁ ይዛችሁት ቫልቩን ስትጫኑ «ፖፕ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ያለ ምንም ትግል ከወጣና ዝም ካለ ቫልቩ ተበልቷል፤ አየር ያሳልፋል። የጠፋ ሞላ ወይም ክዳን መተካት ይቻላል፤ የተበላ ቫልቭን ማደስ ግን ከመሣሪያው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። የደረቀ ቫልቭ ቢያጋጥማችሁ ዘይት ጨምራችሁ ታገሡ፤ በፒንሳ አትታገሉት።

አራተኛ፣ ሮዝ ነጠብጣብን ፈልጉ። ነሐስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። የትንፋሽ እርጥበት ለብዙ ዓመት ሲተኛበት ዚንኩ እየታጠበ ይሄድና መዳቡ ብቻ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ይህ በላዩ ላይ ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ በመወልወልም አይጠፋም። ይበልጥ የሚበላው መንፊያው የሚገባበት የመጀመሪያው ቱቦ ነው። በእርሱ ላይ ብቻ ከሆነ አንድ ቱቦ ይለወጣል፤ በየቦታው ከሆነ ግን ተዉት።

አምስተኛ፣ ስርጉዱን በሚዛን ተመልከቱ። በትልቁ አፍ ላይ ያለ ስርጉድ ዓይንን ይከፋል እንጂ ድምፅን እምብዛም አይጎዳም። በመንፊያው አጠገብ ባለው ቀጭን ቱቦ ላይ ያለ ትንሽ ስርጉድ ግን ይጎዳል። ሻጮች ትልቁን አፍ ወልውለው የሚያሳዩትን ያህል ገዥው ትንሹን ቱቦ በጣቱ ይዳስስ።

ስለ መንፊያው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። መንፊያ፣ ሙዚቀኞች ማውዝፒስ የሚሉት፣ አራት ክፍል አለው። ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዝ፣ ከጠርዙ በታች ያለው ጽዋ፣ ከጽዋው ሥር ያለው ጠባብ ጉሮሮ፣ በመጨረሻም ወደ ቱባው የሚገባው እግር ናቸው። ጠርዝና ጽዋ የነፊው ጉዳይ ናቸው፤ እግር ግን የቱባው ጉዳይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረመረው እግሩ ነው። እግሩ ልክ ካልሆነ ጽዋው የወርቅ ቢሆንም አይጠቅምም።

እግሩ እንደ ቡሽ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። መጠኑ በሦስት ወገን ይከፈላል። በአሮጌ የእንግሊዝ ቱባዎች ላይ የሚገኘው ቀጭን ነው፤ የአሜሪካኖች መጠን መካከለኛ ሲሆን በጫፉ 13.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የአውሮፓ የሚባለው ወፍራሙ ደግሞ 13.8 ያህል ነው። «የ0.6 ሚሊ ሜትር ልዩነት ምን ያደርጋል?» የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። እስቲ እናስላው። የእግሩ ውፍረት በየ20 ሚሊ ሜትር ርዝመት በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ይለዋወጣል። እንግዲያስ 0.6 በ20 ሲባዛ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልክ የሆነ መንፊያ ወደ መቀበያው የሚገባው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የአውሮፓውን እግር በአሜሪካው መቀበያ ብትሰኩት ሊገባ ከሚገባው እኩሌታው ውጭ ይቀራል፤ የአሜሪካውን በአውሮፓው ብትሰኩት ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ይገባል፤ ጫፉም ከውስጠኛው ቱቦ ጋር ሊጋጭና ሳይረጋ ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። 12 ሚሊ ሜትር ከ5.5 ሜትር ቱቦ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የጠቅላላው ድምፅ መውረድ ወይም መውጣት በተንሸራታቹ ይታረማል። ጉዳቱ ሌላ ነው። መንፊያው ካልረጋ አየር ይሾልካል፤ ድምፁ ሲጀመር ይንተባተባል፤ በከፍተኞቹ ድምፆች ላይ ደግሞ ሞገዱ አጭር ስለሆነ በመንፊያው አጠገብ ያለው ትንሽ ጉድለት ጎልቶ ይወጣል። ጓደኛችን «ጆሮ የለውም» የተባለው በዚህ ነው። ወረቀቱ ደረቅ ሳለ መንፊያው ለጊዜው ይጸና ነበር፤ ከረጠበ በኋላ ይላላል። እርሱ ልኩን ሲፈልግ መሣሪያው ከሥሩ ይንሸራተትበት ነበር።

ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መንፊያውን በዝግታ ሰክታችሁ ጥቂት አዙሩት፤ በመዳፍ አትምቱት፤ ከገባ በኋላ አልወጣ ይላልና። ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁት። የሚነቃነቅ ከሆነ ልኩ አይደለም። የማይነቃነቅ ከሆነ ዳርቻውን በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ አውጡትና ከጫፉ እስከ ምልክቱ ለኩ፤ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ከቀረበ ደኅና ነው። ይበልጥ ለማረጋገጥ የሚሻ እግሩን በእርሳስ ዙሪያውን ቀብቶ ሰክቶ ያዙረው። እርሳሱ ከላይ እስከ ታች እኩል ከተፋቀ እግሩና መቀበያው በእውነት ተገናኝተዋል፤ በአንድ ጫፍ ብቻ ከተፋቀ አልተገናኙም።

መፍትሔውስ? እግሩ ከወፈረ፣ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ዝቅዝቅነቱን ጠብቆ ሊያቀጥነው ይችላል። ከቀጠነ ልኩ የተሠራ የብረት እጅጌ ይለበስለታል፤ ወይም ሌላ መንፊያ ይፈለጋል። የቱባውን መቀበያ መሞረድ ግን ፈጽሞ አይገባም። መንፊያ ይለወጣል፤ ቱባ አይለወጥም። ወረቀት ለአንድ ጊዜ ሙከራ ካልሆነ በቀር መድኃኒት አይደለም።

እግሩ ከተስማማ በኋላ የነፊው ተራ ነው። የብዙዎቹ ጽዋ የውስጥ ስፋት ከ31 እስከ 33 ሚሊ ሜትር፣ የጉሮሮውም ቀዳዳ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሰፊና ጥልቅ ጽዋ የታችኛውን ድምፅ ያደልባል፤ ነገር ግን ትንፋሽ ይበላል፣ ጀማሪውንም ቶሎ ያደክማል። ጠበብና ጎደል ያለው ከፍተኛውን ድምፅ ያቀልላል፤ ድምፁንም ያሳሳል። ለጀማሪ መካከለኛው ይሻላል። ትልቅ ቱባ ስለተያዘ ትልቁን መንፊያ መምረጥ፣ ረጅም ሰው ሁሉ ትልቅ ጫማ ያድርግ እንደ ማለት ነው። በመጨረሻም ያገለገለ መንፊያ ሲገዛ በሞቀ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ የብር ቅቡ ተልጦ ነሐሱ ከታየ አንዳንዱን ከንፈር ያሳክካልና እንደገና ይለበጥ።

መደምደሚያ

እንግዲህ ጠቅላላው ምክር ይህ ነው። ቱባና መንፊያ አንድ ዕቃ ናቸውና በአንድነት ፈትናችሁ በአንድነት ግዙ። ሻጩ «መንፊያውን በምርቃት እሰጣችኋለሁ» ሲል ደስ አይበላችሁ፤ ከቱባው ጋር መስማማቱን መጀመሪያ እዩ። የሚነፋው ሰው ራሱ ከገዥዎቹ ጋር ይሂድ። ካሊፐር ያለው የቴክኖሎጂ ተማሪም አብሮ ቢሄድ የሚያፍርበት ነገር የለም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

እኛ ልኩ የሆነውን መንፊያ ካገኘን በኋላ ያ ቱባ ጠርቶ ተናገረ። ወደ ጓደኛችን ሄደን ነገሩን ሁሉ ነገርነው፤ ይቅርታም ጠየቅነው። በደስታ ተቀበለን፤ ወደ ቱባው ግን አልተመለሰም። ዛሬ የሚነፋው ሌላ ነው። ስለዚህ በጓዳችሁ ውስጥ ድምፁ ከልክ የወጣ ሰው ሲኖር፣ በሰውየው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት መንፊያውን በሁለት ጣት ነቅነቅ አድርጉት።